ከጅቡቲ የሚመጣ የባሕር ዓሣ፦ በቆዳው፣ በስንጥቡና በአንጀቱ ያሉትን ባክቴሪያዎች ሰበታ ላይ ማጥናት ይቻላል?

ሰበታ ናሙና
ሰላም ለሁላችሁ። ሰበታ ዳር ባለች አነስተኛ ላቦራቶሪ እስካሁን የሠራነው በሐይቅ ዓሣ ላይ ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ። አሁን ደግሞ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤና ከቀይ ባሕር የተጠመደ የዱር ዓሣ ላይ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለመለየት እየተዘጋጀን ነው። ሦስት ጥያቄ አለን። በበረዶ ተደርጎ የሚመጣውን ሙሉ ዓሣ እዚህ ብንከፍተው ይሆናል ወይስ ናሙናው እዚያው ባሕሩ ዳር መወሰድ አለበት? ከየትኛው የሰውነት ክፍል፣ ምን ያህል? ለሐይቅ ዓሣ የምንጠቀምበት አጋርስ (ባክቴሪያ የምናሳድግበት የረጋ ምግብ) ለባሕሩ ይበቃል? ያለን ኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ)፣ ኢንኩቤተር፣ ፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዣ) ማሽንና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ነው። ከዜሮ በታች 80 የሚደርስ የለንም፤ መብራትም ይጠፋል።

ስንጥብ
ዋናውን ላስቀድም። ናሙናው ዓሣው ከውሃ በወጣበት ቦታ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይወሰድ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሰበታ የሚገባው ቱቦው ይሁን፤ ዓሣው እዚያው ይቅር።

ምክንያቱ ይህ ነው። በሕይወት ያለ ዓሣ ቆዳው ላይ ያለውን ዝልግልግ ያለማቋረጥ ያድሳል፤ በውስጡ ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖችና ፀረ እንግዳ አካላት አሉ። ማን እዚያ እንደሚኖር የሚወስነው ይህ ዝልግልግ ከውሃው ጨውና ሙቀት ጋር ሆኖ ነው። ዓሣው ሲሞት መታደሱ ይቆማል። በረዶ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ብርድ የሚችሉት ሱዶሞናስ፣ ሼዋኔላና ሳይክሮባክተር ይበዛሉ፣ የቀሩት ይከስማሉ። አንጀት ውስጥም የዓሣው የራሱ ኢንዛይም ግድግዳውን መብላት ይጀምራል፤ ያኔ ባክቴሪያው ወደ ሆድ ዕቃና ወደ ሥጋ ይሻገራል። ስለዚህ ከቀናት በኋላ እዚህ የሚነበበው የበረዶ ሣጥኑ ታሪክ ነው።

የሰውነት ክፍልን በተመለከተ፣ ቆዳ፣ ስንጥብ፣ መካከለኛ አንጀትና የኋላ አንጀት በየራሳቸው ቱቦ ይግቡ። በፍጹም አትቀላቅሏቸው። በደቡብ ካሊፎርኒያ 101 የባሕር ዓሣ ዝርያዎችን የመረመረው የ2022 ጥናት እነዚህኑ አራት ክፍሎች ለያይቶ ነው የወሰደው፤ የባክቴሪያውን ስብጥር ከሁሉም በላይ የለየው የዓሣው ዝርያ ወይም መኖሪያ ሳይሆን የሰውነት ክፍሉ ሆኖ ተገኝቷል። በብዛትም በዓይነትም ዝቅተኛው ደግሞ በክፍት ባሕር የሚዋኙ ትልልቅ ዓሦች ስንጥብ ነበር። ቱና ወይም ትልቅ ማካሬል ካሰባችሁ ስንጥቡ ላይ የምታገኙት ዲኤንኤ በጣም ጥቂት መሆኑን ከወዲሁ እወቁት።

መጠኑን ለመገመት፦ አንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ከመቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ይይዛል። ቆዳ ላይ ያለው በሳህን አድጎ ሲቆጠር በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ100 እስከ 10,000 የተለመደ ነው። የአንጀት ይዘት በአንድ ግራም ከአሥር ሚሊዮን እስከ ቢሊዮን ይሄዳል። ቆዳና ስንጥብ ላይ ብክለት የሚያስፈራው፣ አንጀት ላይ ግን ብዙም የማያስጨንቀው ለዚህ ነው።

ስንጥብ
አወሳሰዱን ለብቻው ልጻፈው፣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ስለሆነ።

በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ይመረጣል። መረብ ውስጥ ዓሣና ዓሣ ስለሚፋተግ የአንዱ ቆዳ የሌላውን ይይዛል። ለእያንዳንዱ ዓሣ ጓንት ቀይሩ። ዓሣው የጀልባውን ወለል ሳይነካ፣ በአፉ ወይም በመንጋጋው ተይዞ ንጹሕ ፎይል ላይ ይረፍ።

መጀመሪያ ቆዳ። በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ባለፈ የባሕር ውሃ ቀስ ብላችሁ አለቅልቁት፤ ይህ ከውሃው ጋር ብቻ የመጣውን ያነሳል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ጨው ስለሌለው የባሕር ባክቴሪያ ውሃ ጠጥቶ ይፈነዳል፣ ክሎሪኑም ይገድለዋል። 2 በ5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ንጹሕ ፕላስቲክ መስኮት ከጎን መስመሩ በላይ አስቀምጡና በናይሎን ጫፍ ስዋብ (የናሙና መጥረጊያ ዘንግ) እያሽከረከራችሁ ሙሉውን 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር አዳርሱ። ሁልጊዜ ያው ጎን፣ ያው ቦታ። የጥጥ ስዋብ ከእንጨት እጀታው ጋር ፒሲአርን የሚያውክ ነገር ስለሚለቅ ይቅር።

ቀጥሎ ስንጥብ። ክዳኑን በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ አንሡና ሁለተኛውን ቅስት በስዋብ ጥረጉ። ሥጋውን ቆርጦ መውሰድ ይቻላል፣ ግን ደሙ አብሮ ይመጣል። የዓሣ ቀይ የደም ሴል እንደ ሰው አይደለም፣ ኒውክለስ አለው፤ ትንሽ ደም ማለት ብዙ የዓሣ ዲኤንኤ ማለት ነው።

አንጀት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከተበሳ ሁሉንም ይበክላልና። ሆዱን በ70 ፐርሰንት አልኮል ጠርጉ፣ ከፊንጢጣው ጀምራችሁ የምላጩን ስለት ወደ ውጭ አዙራችሁ ወደ ራስ በኩል ክፈቱ። አንጀቱን ሳትቆርጡ በክር ሁለት ቦታ እሰሩ፣ ከዚያ ቁረጡ። ከእያንዳንዱ ክፍል 200 ሚሊ ግራም ገደማ ይዘት ጨምቃችሁ አውጡ። ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ሌላ ማኅበረሰብ ስለሆነ ከፈለጋችሁት ለብቻው ፋቁት።

ጨጓራን ተዉት። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ጨጓራ ውስጥ ያለው የማጥመጃው ምግብ ባክቴሪያ ነው፤ ከጥልቅ ውሃ የወጣ ዓሣ ደግሞ የአየር ከረጢቱ ሲነፋ ጨጓራውን በአፉ ይገለብጣል።

ሰበታ ናሙና
በጣም እናመሰግናለን። ማቆያውስ? ፈሳሽ ናይትሮጅን እስከዚያ ድረስ ማድረስ አንችልም።

ስንጥብ
95 ፐርሰንት ኤታኖል ይበቃችኋል። ስዋቡ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፤ ለአንጀት ይዘት ደግሞ ቢያንስ አምስት እጥፍ ኤታኖል ይኑር። 70 ፐርሰንቱ ለእጅና ለቢላ ነው፣ ለማቆያ አይሆንም፤ ውሃው ስለሚበዛ የባክቴሪያው እድገትም የዲኤንኤው መፈራረስም በደንብ አይቆምም። ከኤታኖል የገባ ናሙና መብራት ቢጠፋ አይሞትባችሁም፣ ለእናንተ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ዲኤንኤ ከማውጣታችሁ በፊት ግን በሴንትሪፉጅ አዙራችሁ ኤታኖሉን ድፉ፣ የቀረውንም አድርቁ። የተረፈ ኤታኖል ፒሲአሩን ያቆመዋል። በአውሮፕላን ለመላክ ተቀጣጣይ ስለሆነ ገደብ አለበት፤ በመንገድ ይምጣ።

ለማሳደግ የምትፈልጉት ናሙና ኤታኖል ውስጥ አይገባም። ያንን በበረዶ አቀዝቅዛችሁ በዚያው ቀን ዝሩት።

የእንፋሎት ሰው
ልጆች፣ አንድ ነገር ሳትነኩት እንዳታልፉ። ሰበታ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የባሕር ዳርቻ ላይ የተጻፈ መመሪያ «በ15 ፒኤስአይ ለ15 ደቂቃ» ይላል። እዚህ ያ አይሠራም።

የኦቶክሌቩ መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 11 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን 14.7። ስለዚህ መርፌው 15 ላይ ሲቆም ውስጡ ያለው እንፋሎት 121 ዲግሪ ሳይሆን 117 ገደማ ነው። 121 ለመድረስ መርፌው 18.5 አካባቢ መድረስ አለበት። መጀመሪያ የማሽኑን ሳህንና የደህንነት ቫልቩን አንብቡ፤ ያንን ግፊት እንዲሸከም ካልተሠራ በፍጹም አትግፉት። ካልቻለ ሰዓቱን ጨምሩ፦ በ117 ዲግሪ የ15 ደቂቃውን ሥራ ለመሥራት 40 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል። ጥቅጥቅ ያለ ዕቃ ወይም ትልቅ ጠርሙስ ከሆነ ከዚያም በላይ። የሙቀት መለኪያ ያለው ማሽን ከሆነ ግፊቱን ትታችሁ ሙቀቱን ተከተሉ። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቫልቩን መዝጋትም ያው ውጤት ነው፤ መርፌው ይወጣል፣ ሙቀቱ አይደርስም። በየወሩ የጂኦባሲለስ ስፖር ያለበትን መፈተሻ አስገቡ፣ ቀለም የሚቀይረው ቴፕ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም።

ውሃም እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አጋር ለማቅለጥ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት፣ ጉብታ እስኪጠፋ አማስሉ። የፒሲአር ማሽኑ 95 ዲግሪ ከዚህ የመፍያ ነጥብ በላይ ስለሆነ የቱቦው ክዳን ወይም የሳህኑ ሽፋን በደንብ ካልጠበቀ 25 ማይክሮ ሊትሩ ተንኖ ያልቃል። የዳር ጉድጓዶች ብቻ እየከሸፉ ካስቸገሩ መጀመሪያ ሽፋኑን ተመልከቱ።

ሰበታ ናሙና
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በ15 ለ20 ደቂቃ ነበር የምናደርገው። አንድ ጥያቄ፦ በኦቶክሌቭ የወጣ መቀስ ለዲኤንኤ ሥራም ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል?

የእንፋሎት ሰው
አይቻልም። ኦቶክሌቭ ይገድላል እንጂ የሞተውን ዲኤንኤ አያጠፋም። መቀሱንና ትሪውን በበረኪና አርሱ። 5 ፐርሰንት ገደማ የሆነውን የሱቅ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በዚያው ቀን በጥብጡ፣ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ አልኮል። በረኪናው ሳይታጠብ ከቆየ ብረቱን ይበላል፤ ናሙናው ውስጥ ከገባም ዲኤንኤውን ያጠፋዋል። ያደረ ብጥብጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ይደፋ።

ቀይ ባሕር
ስለ አጋሩ ልመልስ። ለሐይቅ ዓሣ የምትጠቀሙበት ኑትሪየንት አጋር ጨው ወይ የለውም ወይ ግማሽ ፐርሰንት ነው። አብዛኛው የባሕር ባክቴሪያ ሶዲየም ይፈልጋል። ለባሕር ባክቴሪያ የተዘጋጀውን ማሪን አጋር 2216 ካገኛችሁ እሱን፤ ካልሆነ በነበራችሁ አጋር ላይ በሊትር 25 ግራም የላብራቶሪ ሶዲየም ክሎራይድ ጨምሩ። የወጥ ቤቱ ጨው አዮዲን ስላለበት አትጠቀሙት። ማቅጠኛውም ያው ጨው ይኑረው፤ በተጣራ ባዶ ውሃ ካቀጠናችሁ ገና ሳህን ሳይነኩ ግማሹ ይሞታል።

1 ግራም በ9 ሚሊ ሊትር ጀምራችሁ እስከ ስድስተኛው ማቅጠኛ ሂዱ፤ ከየአንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር በሳህኑ ላይ አሰራጩ። ከ30 እስከ 300 ቅኝ (ኮሎኒ፣ ሳህን ላይ በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ነጠብጣብ) ያለበትን ሳህን ቁጠሩ። የቀለጠ አጋር ላይ ደባልቆ ማፍሰስ እዚህ ላይ ጎጂ ነው፦ ፎቶባክቴሪየም ፎስፎሪየምን የመሰሉ ብርድ ለመድ ባክቴሪያዎች በ45 ዲግሪው አጋር ይሞታሉ። ኢንኩቤተሩንም 37 ላይ አታድርጉት፣ የሆስፒታል ልማድ ነው። ለሞቃታማ ባሕር ዓሣ 25 ዲግሪ፣ ከ3 እስከ 7 ቀን። ለተቀዘቀዘ ዓሣ ሌላ ሳህን 15 ዲግሪ ላይ አኑሩ። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ መተው አይሆንም፤ በሰበታ ሌሊት ሙቀቱ ይወርዳል፣ ቁጥራችሁም አብሮ ይዋዥቃል።

ቪብሪዮ ለተባሉት የባሕር ባክቴሪያዎች፣ እነሱን ለይቶ የሚያሳድገውን ቲሲቢኤስ አጋር ተጠቀሙ። ይህ አጋር ኦቶክሌቭ አይገባም፣ ማፍላት ብቻ። ቢጫ ቅኝ ማለት ስኳሩን አፍልቷል፣ እንደ ቪብሪዮ አልጂኖሊቲከስ፤ አረንጓዴ ከሆነ እንደ ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ አላፈላውም። ቀለም ብቻ አይቶ ስም መስጠት ግን ትክክል አይደለም፤ ቅኙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄም አለ። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ በቁስል ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ በተለይ የጉበት ሕመም ላለበት ሰው። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ደግሞ በ1926 ፊላደልፊያ ውስጥ ከሞቱ የባሕር ዓሦች ነው መጀመሪያ የተለየው፤ በእሾህ ወግቶ ጣት ላይ ለወራት የማይድን እብጠት ያደርጋል። በ30 ዲግሪ አካባቢ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ በ37 ዲግሪ ብቻ የሚያሳድግ ላቦራቶሪ «ምንም የለም» ሊል ይችላል። የክንፍ እሾህ ላላቸው ዓሦች ወፍራም ጓንት አድርጉ።

ገላን በረዶ ቤት
በሥራዬ የምመለከተው ማቀዝቀዣውን ነው። ስንጥብ «ዓሣው እዚያው ይቅር» ያለው ለምርምሩ ልክ ነው። ለሚበላ ሰው ግን ጥያቄው እዚህ ደርሶ የከፈትነው ካርቶን ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፍላጎት ሲጨምር ከቱናና ማካሬል ጋር ተያይዞ የሚመጣው ችግር የሚሸት ዓሣ ብቻ አይደለም።

ስንጥብ
ትክክል ብለሃል፣ ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለእሱ ትክክለኛው ናሙና የደረሰው ካርቶን ነው።

ቱና፣ ማካሬልና ሰርዲን ሥጋቸው ውስጥ ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ በብዛት አለ። ከስንጥብና ከአንጀት የሚነሡት ሞርጋኔላ ሞርጋኒና ፎቶባክቴሪየም ዳምሴሌ ይህን ወደ ሂስታሚን ይለውጣሉ። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው ተብሎ ይታለፋል። ከባዱ ነገር ሦስት ነው፦ ሂስታሚን በማብሰል አይጠፋም፣ በማቀዝቀዝም አይጠፋም፣ ባክቴሪያውን በረዶ ቢገድለው እንኳ የሠራው ኢንዛይም ሥጋው ውስጥ ቀርቶ ሲቀልጥ ሥራውን ይቀጥላል። ሽታም ላይኖረው ይችላል። የሚከላከለው ዓሣው እንደተያዘ ወዲያው ወደ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ማውረድ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከአንድ ጭነት 9 ናሙና ይወስዳል፤ አማካዩ በኪሎ ከ100 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ሁለት ናሙና ብቻ በ100 እና በ200 መካከል ቢሆን፣ አንዱም ግን ከ200 እንዳያልፍ ይላል። አንድ ዓሣ መርምሮ ካርቶኑን ማሳለፍ የማይበቃው ሂስታሚን በአንዱ ዓሣ ውስጥ ሞልቶ በጎኑ ባለው ላይኖር ስለሚችል ነው።

የሚሸተው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። የባሕር ዓሣ የጨዉን ጫና የሚቋቋምበት ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ አለው፤ ሼዋኔላና ፎቶባክቴሪየም ፎስፎሪየም ኦክስጅን ሲያንሳቸው እሱን ይተነፍሱታል፣ ቀሪው ትራይሜቲላሚን ነው የሚሸተው።

ገላን በረዶ ቤት
ስለዚህ መንገድ ላይ ቀልጦ ዳግም የቀዘቀዘ ካርቶን ሁለት ጊዜ ይጎዳል ማለት ነው። የካርቶኑ ሥር የተጋገረ በረዶ ካለ ቀልጦ እንደነበር ምልክት ነው፤ የሙቀት መዝጋቢውን ንባብ ሳያዩ አትረከቡ።

ቀይ ባሕር
ከኮራል ዳር ቡናማውን ሰርጀን ዓሣ ካገኛችሁ ማይክሮስኮፕ ይዛችሁ ውረዱ፣ አደራ። በ1985 ከቀይ ባሕር ከዚህ ዓሣ አንጀት የተገለጸው ኤፑሎፒሺየም ፊሸልሶኒ ርዝመቱ 600 ማይክሮ ሜትር ስለሚደርስ በዓይን ይታያል። ባክቴሪያ ሊሆን አይችልም ተብሎ እንደ ሌላ ባለ አንድ ሴል ፍጡር ተቆጥሮ ነበር፤ በ1993 ነው በጄኔቲክ ማስረጃ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው። ሴሉ ውስጥ የጂኖሙ ብዙ ሺህ ቅጂዎች አሉ፣ ልጆቹም በእናቲቱ ሆድ ውስጥ አድገው ነው የሚወጡት። እስካሁን በሳህን ያሳደገው የለም። ስለዚህ ከአንጀቱ ይዘት አንድ ጠብታ በዚያው ሰዓት ስላይድ ላይ አድርጉ፤ ቆይቶ ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ቀሪውን በፎርማሊን ለማይክሮስኮፕ፣ በኤታኖል ለዲኤንኤ ክፈሉት። ቅጂው ብዙ በመሆኑ በ16ኤስ ንባብ (ባክቴሪያን በዲኤንኤው በሚለየው ዘዴ) ላይ ከእውነተኛ ቁጥሩ እጅግ ገዝፎ ይታያል።

ቀይ ባሕር ውስጥ ፎቶብሌፋሮን የተባለ ዓሣም አለ፤ ከዓይኑ ሥር ባለ ከረጢት ብርሃን የሚሰጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ጂኖማቸው ተሸርሽሮ አንሷል፣ እነሱም በላቦራቶሪ አላደጉም። ሳህን ላይ አልወጣም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ከነዚህ ሁለቱ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

ሱሉልታ ኮድ
ዘግይቼ ገባሁ። የዲኤንኤ ንባቡን በኩል ልጨምር።

ለ16ኤስ 515ኤፍና 806አር ፕራይመሮችን (ፒሲአሩ የሚነሣባቸውን አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ከመረጣችሁ በ2015 እና በ2016 የተሻሻሉትን እዘዙ። የድሮዎቹ ባሕር ውስጥ እጅግ የበዛውን ሳር11 የተባለ የባክቴሪያ ቡድን አሳንሰው ነበር የሚያሳዩት፤ ዓሣን ከውሃው ጋር ስታወዳድሩ ልዩነቱ ሐሰት ይሆናል። እነዚህ ፕራይመሮች የዓሣውን ማይቶኮንድሪያም ያበዛሉ። ስንጥብ ላይ ከንባቡ አብዛኛው የዓሣው ሊሆን ይችላል፤ የዓሣው እንዳይባዛ የሚያግድ ፒኤንኤ የተባለ ሰው ሠራሽ ቁራጭ መጨመር ይረዳል። አልጌ የሚበሉ ዓሦች ላይ የክሎሮፕላስት ንባብ ይመጣል። ሁለቱንም ከሠንጠረዡ አውጥታችሁ የቀረውን ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ የጥቂት መቶ ንባብ ናሙና ቀርቶ ከሆነ ጣሉት።

ባዶ ናሙና ሳትይዙ አትጀምሩ። አየር ላይ የተነቀነቀ ስዋብ፣ ማለቅለቂያው ውሃ፣ ያለ ናሙና የተሠራ የዲኤንኤ ማውጫ፣ ያለ ዲኤንኤ የተሠራ ፒሲአር፤ እያንዳንዳቸው በየዙሩ። የማውጫ ኪቶች ራሳቸው የራልስቶኒያ፣ የብራዲራይዞቢየምና የስፊንጎሞናስ ዲኤንኤ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህን ቆዳው ላይ «አገኘን» ከማለታችሁ በፊት ባዶው ውስጥ አለመኖራቸውን እዩ። ዲኮንታም የተባለው የአር ፕሮግራም ለዚህ ነው፣ ግን ከዘዴዎቹ አንዱ የዲኤንኤ መጠን መለኪያ ይጠይቃል፤ ከመጀመሪያው መዝግቡ። የታወቀ ስብጥር ያለው መፈተሻም አብራችሁ አስገቡ። የፒሲአሩን ዙር ከ30 በላይ አታስረዝሙ፣ ብክለቱም ቅጥል ንባቡም (የሁለት ባክቴሪያ ዲኤንኤ ተጣብቆ የሚፈጠረው ሐሰተኛ ንባብ) አብሮ ይጨምራል።

ሌላው፣ ንባብ ድርሻ ነው እንጂ ብዛት አይደለም። ቪብሪዮ ከ10 ወደ 40 ፐርሰንት ወጣ ማለት ቪብሪዮ በዛ ወይም ሌላው አነሰ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ በቁጥር የሚለካ ፒሲአር ነው።

ሰበታ ናሙና
ግልጽ ሆነልን። ከጅቡቲ በኩል የናሙና መውሰጃና ማውጫ ፈቃዱን ጀምረናል። የቀረን ጥያቄ ውሃው ነው፦ በየዓሣው ወይስ በየቦታው አንድ ጊዜ?

ስንጥብ
በየቦታውና በየቀኑ ሦስት ማጣሪያ፣ እያንዳንዱ 1 ሊትር፣ ዓሣው በተያዘበት ጥልቀት። በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፉ፣ ወረቀቱን አጥፋችሁ ያው 95 ፐርሰንት ኤታኖል ውስጥ ክተቱ። ከውሃው ጋር የባሕሩን ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ሰዓትና የማጥመጃውን ምግብ ዓይነት ጻፉ፤ ከማጥመጃውም አንድ ቁራጭ በቱቦ ያዙ። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፣ ኤታኖል የብዕሩን ቀለም ያጥበዋል።